የጠፋችው መስመር፦ የወባ ተውሳክ ከምርመራ ያመለጠበት ታሪክ

እስቲ ይህን አስቡ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ቆላው መሞቅ ጀምሯል፣ ውሃ ያቆሩ ቦታዎች ግን ገና አልደረቁም። አንዲት እናት ትኩሳት የሚያንዘፈዝፈውን ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ትደርሳለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ጣት ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች። ደሙን በፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ባለች ቀጭን ወረቀት ላይ ታኖራለች፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ትጨምርና ትጠብቃለች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንዲት ቀይ መስመር ብቻ ትወጣለች። ባለሙያዋም በሥልጠና የተማረችውን ትናገራለች፦ «ወባ የለበትም።»

ወባ ግን አለበት።

ነገሩን የሚያስገርመው ማንም አለመሳሳቱ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ጊዜው አላለፈበትም፣ ባለሙያዋም አንድም ደረጃ አልዘለለችም። በልጁ ደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ወረቀቷ የምትፈልገውን ፕሮቲን ማምረት ትቷል፣ በቃ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ታሪክ ከአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ተነስቶ በታንዛኒያና በፔሩ አድርጎ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻና ወደ እኛ ጠረፍ ይደርሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ፕሮቲን ምስክርነት ትንሽ እናውራ። በሽታን በቀጥታ ማየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። የሚቻለው ጭሱን አይቶ እሳቱን መጠርጠር ነው። በደም ወይም በሽንት ውስጥ ተገኝቶ «እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ» የሚል ፕሮቲን ባዮማርከር ይባላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1840ዎቹ ለንደን ውስጥ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ የተባለ ሐኪም አጥንቱ የላሸቀ በሽተኛ ሽንት ደረሰው፤ በውስጡም ሲሞቅ የሚሟሟ፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚረጋ እንግዳ ነገር አገኘ። ዛሬ በሽታው መልቲፕል ማይሎማ የተባለ የደም ካንሰር እንደነበር እናውቃለን። ፕሮቲኑም እስካሁን በሐኪሙ ስም ይጠራል።

ችግሩ ግን ፕሮቲንን አንጥሮ መለየት ለረጅም ጊዜ አድካሚ ሥራ መሆኑ ነበር። የእርግዝና ምርመራን ብቻ ተመልከቱ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በርሊን ውስጥ አሽሃይምና ዞንዴክ የተባሉ ሐኪሞች የሴቲቱን ሽንት ለአቅመ መውለድ ባልደረሱ አይጦች ላይ ይወጉ ነበር። ከቀናት በኋላ አይጦቹ ታርደው እንቁልጢያቸው ይመረመራል። ቀጥሎ የአፍሪካ እንቁራሪት ተራ መጣ፦ ሽንቱን ትወጋላችሁ፣ እንቁራሪቷ በማግስቱ እንቁላል ከጣለች ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ናት። (አዎ፣ ሆስፒታሎች እንቁራሪት ይቀልቡ ነበር።) እነዚህ እንስሳት ሁሉ የሚለኩት አንድን ሆርሞን ነው፤ እሱም የእንግዴ ልጅ የሚያመነጨው ኤችሲጂ የተባለ ፕሮቲን ነው።

መንገዱን የከፈተው በ1975 በካምብሪጅ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን የደረሱበት ዘዴ ነው። አንድን ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ፣ ሁሌም አንድ ዓይነት አድርጎ፣ በተፈለገው መጠን ማምረት ተቻለ። አንቲቦዲ ማለት አንድን ቅርጽ ለይቶ የሚይዝ የሰውነታችን ወታደር ነው። እንደ ቁልፍና ጋን የሚገጥመውን ብቻ ይይዛል። ሁለቱም በ1984 ኖቤል ተሸለሙ። በ1988 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ እርምጃ የሚያልቅ የእርግዝና መመርመሪያ ለገበያ ቀረበ። እንቁራሪቶቹ አረፉ።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ሥራዬም ሴንሰር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺን ወረቀት መጀመሪያ ፈትቼ ውስጧን ያየሁ ቀን ቀናሁባት። ባትሪ የላት፣ ፓምፕ የላት፣ ስክሪን የላት! ፈሳሹን የሚስበው ወረቀቱ ራሱ ነው፣ ኩራዝ ውስጥ ያለ ክር ጋዝ እንደሚስበው ማለት ነው። ፈሳሹ ሲጓዝ በመንገዱ እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶችን ያገኛል፣ በየቅንጣቱ ላይ አንቲቦዲ ተለጥፏል። ወርቅ እንዲያ ሲደቅ ቀለሙ ቀይ ነው። የሚፈለገው ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ካለ ወርቁን ይዞ ይጓዛል። ወረቀቱ መሃል ላይ ደግሞ ሌላ አንቲቦዲ በመስመር ተተክሎ ይጠብቃል። ፕሮቲኑ እንደ ሳንድዊች በሁለቱ መካከል ይያዛል፣ ወርቁ ይከማቻል፣ ቀይ መስመር ይታያል።

ከዚያ አለፍ ብሎ ሁለተኛ መስመር አለ፣ መቆጣጠሪያ የምንለው። እሱ የሚይዘው የበሽታውን ፕሮቲን አይደለም፣ በወርቁ ላይ ያለውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ከቀላ «ፈሳሹ በደንብ ሄዷል፣ ወርቁም ደርሷል» ማለት ነው። ከዚያ በላይ ምንም አይልም። የጠየቅነው ጥያቄ ትክክለኛ ይሁን አይሁን አይነግረንም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

ወደ ወባ እንምጣ። ተውሳኩን በሰው ደም ውስጥ መጀመሪያ ያየው አልፎንስ ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም ነው፣ በ1880 አልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ከተማ። ከዚያ ወዲህ ማይክሮስኮፕ ዳኛ ሆኖ ኖሯል። ግን ማይክሮስኮፕ መብራት ይፈልጋል፣ ቀለም ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ የሠለጠነና ያልደከመ ዓይን ይፈልጋል። ስለዚህ በብዙ የአፍሪካ ገጠር ምርመራው እጅን ግንባር ላይ ማሳረፍ ነበር፦ ካተኮሰ ወባ ነው፣ ክሎሮኪን ስጠው። ክሎሮኪን ርካሽ ስለነበር ስህተቱም ርካሽ ይመስል ነበር። ተውሳኩ ክሎሮኪንን ሲለምድና እንደ ኮአርተም ያሉ ውድ መድኃኒቶች ሲተኩት ግን በግምት ማከም አላዋጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መመሪያው ወባ የተጠረጠረ ሰው ሁሉ ከመታከሙ በፊት እንዲመረመር መከረ። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ ይህን ማድረግ የሚቻለው በዚያች ወረቀት ብቻ ነው።

ታዲያ ወረቀቷ የትኛውን ፕሮቲን ትፈልግ?

በ1974 አራክሲ ኪሌጂያን የተባለች ተመራማሪ ዳክዬን በሚያጠቃ የወባ ተውሳክ ውስጥ ሂስቲዲን በተባለው አሚኖ አሲድ የተሞላ ፕሮቲን ማግኘቷን ጻፈች። ተመራማሪዎች ተመሳሳዩን በሰው ተውሳክ ውስጥ ሲፈልጉ፣ ከወባ ዓይነቶች ሁሉ ገዳይ በሆነው በፋልሲፓረም ውስጥ ዘመዶቹን አገኙ። ከእነዚህ አንዱ ሂስቲዲን የበዛበት ፕሮቲን 2፣ በአጭሩ ኤችአርፒ2 ነው። በ1986 ረስል ሃዋርድና ባልደረቦቹ አንድ ወሳኝ ነገር አሳዩ፦ ተውሳኩ ይህን ፕሮቲን ከተደበቀበት ቀይ የደም ሴል ውጭ ይለቀዋል። ሌባ በየደረሰበት የስም ካርዱን ጥሎ ሲሄድ ማለት ነው!

ለሴንሰር ሠሪ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ፕሮቲኑ በብዛት ይመረታል። ሙቀት ቶሎ አያበላሸውም። ደግሞም ቅርጹ ድግግሞሽ ነው፦ አላኒን፣ ሂስቲዲን፣ ሂስቲዲን፣ እንደገና አላኒን፣ ሂስቲዲን፣ ሂስቲዲን፣ እያለ እንደ መቁጠሪያ ይቀጥላል። አንቲቦዲው የሚይዘው ቅርጽ በአንድ ሞለኪውል ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ምልክቱ ይጎላል። እኔ በቤተ ሙከራ አንዲት ደካማ ምልክት ከጫጫታ ለመለየት ወራት አጥፍቻለሁ፣ ይህኛው ግን ራሱን በማጉያ ያስተዋውቃል። ፓራሳይት ኤፍ የተባለው የመጀመሪያው ፈጣን መመርመሪያ በታንዛኒያ ተሞክሮ ውጤቱ በ1993 ታተመ። ከዚያ በኋላ ኤችአርፒ2 ዓለምን አዳረሰ።

በዚያው ጊዜ ሌላ አማራጭም ነበር። ማይክል ማክለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለውን የተውሳኩን ኢንዛይም ይከታተል ነበር፣ እኛ ፒኤልዲኤች እንበለው። ተውሳኩ ከስኳር ጉልበት የሚያወጣው በእሱ በኩል ነው። በ1990ዎቹ በዚህ ኢንዛይም ላይ የተመሠረተ መመርመሪያም ለገበያ ወጣ። እንዲያውም በአንድ ነገር ይበልጥ ነበር፦ ተውሳኩ ሲሞት ኢንዛይሙም ቶሎ ከደም ይጠፋል። ኤችአርፒ2 ግን በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ የዳነን ሰው «አሁንም ታመሃል» ሊለው ይችላል። ሆኖም ተውሳኩ በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን የኤችአርፒ2 መስመር ትታያለች፣ የፒኤልዲኤች ግን ትደበዝዛለች። ሙቀትንም የሚችለው ኤችአርፒ2 ነው። ገዢዎች የሚያነጻጽሩት ይህንኑ ነው፣ ስለዚህ ኤችአርፒ2 አሸነፈ። እኔም በዚያ ዘመን ብጠየቅ ኤችአርፒ2ን እመርጥ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ቀረ ማለት ይቻላል፦ ተውሳኩ ይህን ፕሮቲን የግድ ይፈልገዋል ወይ?

መልሱ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። በቤተ ሙከራ ከሚረቡት ታዋቂ የፋልሲፓረም ዝርያዎች አንዱ ዲዲ2 ይባላል፣ ምንጩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ዲዲ2 የኤችአርፒ2 ጂን የለውም። ሌላው ታዋቂ ዝርያ፣ ኤችቢ3፣ የኤችአርፒ2ን የቅርብ ዘመድ የኤችአርፒ3ን ጂን አጥቷል። ሁለቱም ያለ ችግር ይራባሉ። ጂኖቹ ያሉት በክሮሞዞም ጫፍ አካባቢ ነው፣ ጫፍ ደግሞ እንደ ነጠላ ዘርፍ በቀላሉ የሚበጠስ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ በጥገኛ ተውሳክ ጄኔቲክስ ሰዎች ዘንድ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነበር። ግን በብልቃጥ ውስጥ የሆነ ነገር በሰው ደም ውስጥም ይሆናል ብሎ የተጨነቀ ብዙ አልነበረም። በየሙያችን በየክፍላችን ተዘግተን መሥራታችን እዚህ ጋር ዋጋ አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ከደቡብ አሜሪካ መጣ። በ2010 በታተመ ጥናት፣ ከፔሩ አማዞን ከተሰበሰቡ 148 የፋልሲፓረም ናሙናዎች ውስጥ 41 በመቶው የኤችአርፒ2 ጂን አልነበራቸውም። ብዙ ሰው ይህን እንደ አካባቢ ጉድ ቆጠረው። እዚያ ዋናው ምርመራ ማይክሮስኮፕ ስለነበር ጂኑን ያጠፋው የምርመራው ጫና ነው ማለትም አይቻልም ነበር። በአጋጣሚ የተበጠሰ ዘርፍ በትንሽ ሕዝብ ውስጥ ተስፋፍቷል፣ ተብሎ ታለፈ።

ከዚያ ኤርትራ መጣች። በማይክሮስኮፕ ተውሳኩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ወረቀቷ ግን «የለም» ትላለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወደ መጋዘን ነው፦ ሙቀት መትቶት ይሆን? የተበላሸ ምርት ይሆን? በ2018 የታተመው ጥናት ግን ጥፋቱ የወረቀቷ አለመሆኑን አሳየ። በጊንዳዕ ሆስፒታል ከተመረመሩት የፋልሲፓረም ታማሚዎች 80.8 በመቶ፣ በምጽዋ ሆስፒታል ደግሞ 41.7 በመቶ የሚሆኑት የያዛቸው ኤችአርፒ2 የሌለው ተውሳክ ነበር። የናሙናው ቁጥር በጠቅላላ 50 ሰው ነው፣ ትንሽ ነው። ግን ከአምስት አራቱን የሚስት መመርመሪያ ለመጣል ብዙ ሺህ ሰው አያስፈልግም። ኤርትራ ጥናቱ ከመታተሙም በፊት በ2016 መመርመሪያዋን ለወጠች።

ተውሳክ ድንበር አያውቅም፣ ትንኝም ፓስፖርት አትጠየቅም። በ2017 እና በ2018 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ፣ ማለትም ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚያዋስኑን አካባቢዎች፣ ወባ የተጠረጠሩ 12,572 ሰዎችን መረመሩ። ብልሃቱ ቀላል ነበር፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ዓይነት መመርመሪያ፣ አንዱ ኤችአርፒ2ን፣ ሌላው ፒኤልዲኤችን የሚፈልግ። አንዱ «የለም» ሲል ሌላው «አለ» ካለ ናሙናው ወደ ጄኔቲክ ምርመራ ይሄዳል። ውጤቱ በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ ታተመ። በጂኑ መጥፋት ምክንያት ብቻ የኤችአርፒ2 መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶውን እንደሚስት ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት «መመርመሪያ ቀይሩ» የሚልበት ወሰን 5 በመቶ ነው።

ለኢትዮጵያ ነገሩ ሌላም ጣጣ አለው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ወባ ማለት ፋልሲፓረም ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ቫይቫክስም በሰፊው አለ። ስለዚህ መመርመሪያችን ሁለት የበሽታ መስመር ነበረው፦ ፋልሲፓረምን በኤችአርፒ2፣ ቫይቫክስን በራሱ ኢንዛይም። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ኤችአርፒ2 የሌለው ፋልሲፓረም ሲመጣ በአንደኛውም በሁለተኛውም መስመር አይታይም። መቆጣጠሪያዋ መስመር ግን በኩራት ትቀላለች። መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው።

ያ ጥናት ከመቶኛው ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ክፍል አለው። ተመራማሪዎቹ በጠፋው ጂን ዙሪያ ያለውን የክሮሞዞም ክፍል ሲያነቡ፣ የኤችአርፒ3 መጥፋት ሰንበት ያለ ሆኖ፣ የኤችአርፒ2 መጥፋት ግን በቅርብ ጊዜ በፍጥነት የተስፋፋ መሆኑን አዩ። እንዲህ ያለ አሻራ የሚተወው አጋጣሚ ሳይሆን ምርጫ ነው፣ ዳርዊን ያስተማረን የተፈጥሮ ምርጫ። ታዲያ መራጩ ማን ነው? ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሁለት ሰዎች በአንድ መንደር ታመዋል። የአንዱ ተውሳክ ኤችአርፒ2 ያመርታል፦ ተመረመረ፣ ተገኘ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ተውሳኩ ሞተ። የሌላው አያመርትም፦ ተመረመረ፣ «የለብህም» ተባለ፣ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ማታ ትንኝ ነከሰችውና ተውሳኩን ለጎረቤት አደረሰች። ይህ በየዓመቱ፣ በየጤና ኬላው ሲደጋገም በአረሙ መካከል ስንዴ የሚመስለውን አረም እየተዉ እንደማረም ነው። ምርመራና ሕክምናችን በተስፋፋ ቁጥር፣ ማለትም ሥራችንን በደንብ በሠራን ቁጥር፣ ጫናው ይበረታል።

ለምን ታንዛኒያ ወይም ኮንጎ ሳይሆን እኛ አካባቢ ጎላ? ወባ እጅግ በሚበዛበት ቦታ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ተውሳክ ይይዘዋል። ከመካከላቸው አንዱ ኤችአርፒ2 ካመረተ መስመሯ ትወጣለች፣ የተደበቀውም አብሮ ይታከማል። ስርጭቱ አነስ በሚልበት እንደ አፍሪካ ቀንድና አማዞን ባለ ቦታ ግን በአንድ ሰው ደም ውስጥ አንድ ዓይነት ብቻ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። የተደበቀውን አሳልፎ የሚሰጥ ጎረቤት የለም።

«9.7 በመቶ ምን አላት?» የሚል ሊኖር ይችላል። አሳሳቢው ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አቅጣጫው ነው። ደግሞም ፋልሲፓረም በቀናት ውስጥ ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። ስርጭቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት በእኛ አገር ብዙ ሰው በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም አላዳበረም። በ1958 የተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል፣ ደጋ ቀመስ አካባቢዎች ሳይቀሩ። በዚያ ዘመን የጎደለው ብዙ ነገር ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱ ከመመርመሪያው አጠገብ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። በልጁና በመድኃኒቱ መካከል የቆመችው አንዲት መስመር ናት።

መፍትሔው ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደተሸነፈው ኢንዛይም መመለስ ሆኗል። ኤርትራና ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያም፣ ፋልሲፓረምን በኤችአርፒ2 ብቻ ከሚፈልግ መመርመሪያ ወጥተው ፒኤልዲኤች ወደሚፈልጉት ዞረዋል። ተውሳኩ ኤችአርፒ2ን ሲጥል ከስም ካርድ የዘለለ ብዙ ነገር አላጣም፣ ፒኤልዲኤችን ከጣለ ግን ምድጃውን አጠፋ ማለት ነው። ይህ በነጻ አልተገኘም። ተውሳኩ በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን አዲሷ ወረቀት ከአሮጌዋ ደከም ያለች ናት፣ ስለዚህ በሽታው ገና ሲጀምር የተመረመረ ሰው ሊያመልጣት ይችላል። የእኔ ዘርፍ ሰዎች አሁን የሚታገሉት ይህችን ደካማ መስመር ለማጉላት ነው፦ የተሻለ አንቲቦዲ፣ የተሻለ ቅንጣት፣ ሁለቱንም ፕሮቲን በአንድ ወረቀት ላይ። እስከዚያው ትኩሳቱ ከቀጠለ «አንዴ ተመርምሬ የለብህም ተብያለሁ» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ልዩነት አታዩባቸውም። ፕላስቲኩ ያው ነጭ ነው፣ ወርቁም ያው ቀይ። የተለወጠው በዓይን የማይታይ አንቲቦዲና በካርቶኑ ጎን በትንሽ ፊደል የታተመ የፕሮቲን ስም ነው።